ከሦስት የተበላሹ ዘንጎች በኋላ፦ ለትርፍ ጊዜ ወርክሾፕ የመለኪያ መሣሪያ የመረጥኩበት መንገድ

በትርፍ ጊዜዬ ብረት መሥራት በጀመርኩበት ዓመት በቁም ነገር ያቀድኩት የመጀመሪያ ሥራ፣ የመሳያ ድንጋይ ተሸክሞ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ የሚዞር ዘንግ ነበር። ኩሽኔታዎቹ 6202 የሚል ቁጥር የታተመባቸው ሲሆኑ፣ የውስጥ ቀዳዳቸው 15፣ የውጭ ዲያሜትራቸው 35፣ ወርዳቸው ደግሞ 11 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉን በቶርኖ ላይ ጥቂት በጥቂት እየላጥኩ፣ በየመሐሉም አዲስ በገዛሁት ዲጂታል ካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋ መሐል ይዞ በሚለካ መሣሪያ) እየለካሁ ቆየሁና ስክሪኑ 15.00 ሲል ማሽኑን አጠፋሁ። ኩሽኔታው ግን ምንም ሳያንገራግር ገባና በዘንጉ ላይ እንደ ሰፊ ቀለበት ዞረ። ሁለተኛውን ዘንግ «ትንሽ ላስተርፍለት» ብዬ 15.03 ላይ ተውኩት፤ በመዶሻ ካልሆነ አልገባም አለ፣ በመዶሻ ከገባም በኋላ ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ይንኮሻኮሽ ጀመር። በ15.01 ያቆምኩት ሦስተኛው ዘንግ እንደገና ላላ። መሣሪያው ያው፣ እጁ ያው፣ ብረቱም ከአንድ ዘንግ የተቆረጠ ነበር፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ቁጥር ሳልጠራጠር አምኜዋለሁ።

ነገሩ የገባኝ የኩሽኔታውን የልክ ሰንጠረዥ ካየሁ በኋላ ነው። በመደበኛ ደረጃ የተሠራ ባለ 15 ሚሊሜትር ኩሽኔታ፣ ቀዳዳው ከ15 ሚሊሜትር ሊያንስ የሚችለው ቢበዛ በ8 ማይክሮን፣ ማለትም በ8 ሺህኛ ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከ15 መብለጥ ደግሞ አይፈቀድለትም። ኩሽኔታው ሳይጨነቅ፣ ግን ጥብቅ ብሎ እንዲቀመጥ ከተፈለገ ዘንጉ ከ15 ሚሊሜትር ሊበልጥ የሚገባው በጥቂት ማይክሮኖች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ ሊያርፍበት ይገባ የነበረው ክልል ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር የማይሰፋ ነበር። ከካሊፐሩ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ደግሞ ስሕተቱ ወደላይም ወደታችም እስከ 0.03 ሚሊሜትር ሊደርስ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። ስክሪኑ እስከ አንድ መቶኛ ይቆጥራል፤ ሠሪው ዋስትና የሰጠው ግን እስከ ሦስት መቶኛ ብቻ ነው። ወረቀቱን ከሣጥኑ ሳላወጣ አስቀምጬው ስለነበር ሦስት ዘንግ ከፈልኩበት።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ከመግዛቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው «የትኛው ካሊፐር ይሻላል?» ብዬ ሳይሆን «ምን ከምን ጋር ሊገጥም ነው? ምን ያህል ልዩነትስ ይታገሣል?» ብዬ ነው። በሙያው የተለመደው ደንብ፣ የመለኪያው ስሕተት ከሚፈቀደው ልዩነት አንድ አሥረኛ እንዲሆን፣ ካልተቻለም ከአንድ አራተኛ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ 0.2 ሚሊሜትር ቢበልጥ ማንም አይጎዳም፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ተራ ካሊፐር ይተርፋል። የኩሽኔታ መቀመጫ ግን በካሊፐር የሚደፈር አይደለም። በትርፍ ጊዜ ወርክሾፕ ውስጥ የሚሠራው አብዛኛው ነገር ከመጀመሪያው ዓይነት በመሆኑ፣ አንድ ደህና ካሊፐርና አንድ ደህና ማይክሮሜትር (ዕቃን በብሎን ጥርስ በሚጠጉ ሁለት ፊቶች መሐል ይዞ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው በየመሳቢያው መሣሪያ ካከማቸ ሰው ያነሰ ሥራ አይሠራም።

ካሊፐሬ ምን ያህል እንደሚዋሽ ያሳዩኝ፣ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ላይ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ናቸው። የላላውን ዘንግ ሳሳያቸው ዘንጉን ትተው «እስቲ ካሊፐሩን ዝጋውና ወደ መብራቱ አቅናው» አሉኝ። ዘጋሁት፤ ስክሪኑ 0.00 አለ። በመንጋጋዎቹ መሐል ግን ከሥር በኩል የፀጉር ያህል የቀጠነ የብርሃን መስመር ይታያል፣ ወደ ጫፍ ሲደርስ ይጠፋል። «ጫፉ ተነካክቷል፣ ሥሩ ገና አልተገናኘም፤ ታዲያ ዜሮ ያለው ለየትኛው ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አዲስ እኮ ነው» ብላቸው ሣቁና የአንድ ፑንታ ለስላሳ አንገት አምጥተው አሥር ጊዜ እንድለካው አደረጉኝ፤ አንዴ በመንጋጋው ሥር፣ አንዴ በጫፉ፣ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ጫን ብዬ። አሥሩን ንባብ በወረቀት ስጽፋቸው በትልቁና በትንሹ መካከል የ0.04 ሚሊሜትር ልዩነት ነበር። የሦስቱ ዘንጎች ታሪክ በሙሉ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር።

ምክንያቱ የካሊፐር አሠራር ራሱ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1890 እንዳስረዱት፣ የሚለካው ነገርና የመለኪያው ስኬል በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ካልተሰለፉ ትንሽ መዘንበል ሁሉ ወደ ስሕተት ይለወጣል። በካሊፐር ላይ ስኬሉ ያለው በግንዱ ነው፤ የሚለካው ዕቃ ደግሞ ከግንዱ ራቅ ብሎ በመንጋጋዎቹ መካከል ይያዛል። ጣት ጫን ባለ ቁጥር ተንሸራታቹ መንጋጋ በሐዲዱ ላይ ባለችው ክፍተት ልክ ይዘነበላል፣ ዕቃው ወደ ጫፍ በራቀ መጠንም ስሕተቱ ይጨምራል። ስለዚህ በካሊፐር ስለካ ዕቃውን በተቻለ መጠን ወደ መንጋጋው ሥር አስጠግቼ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይና በቀላል ግፊት እይዛለሁ። ካሊፐር ስመርጥም በመጀመሪያ የማየው ስክሪኑን ሳይሆን ተንሸራታቹን ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ አንድ ዓይነት ልስላሴ ሊኖረው፣ መንጋጋውን ወደ ጎን ስወዘውዘውም ሊላወስ አይገባም። የብርሃኑንና የአሥር ጊዜውን ፍተሻ ሻጩ ፊት አደርጋለሁ፤ ሁለቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስዱም።

ዲጂታል፣ ባለ ዳያል (እንደ ሰዓት በመርፌ የሚነበብ) ወይስ ቬርኒየር (በተጫሩ መስመሮች መገጣጠም የሚነበብ) የሚለው የካሊፐር ክርክር የሚነገርለትን ያህል ከባድ አይደለም። ቬርኒየር ባትሪም ጥርስም የለውም፣ ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ ነገር ግን 0.02 ሚሊሜትር የሚያሳዩትን ቀጫጭን መስመሮች ለማንበብ ጥሩ ብርሃንና ጥሩ ዓይን ይፈልጋል። ባለ ዳያሉ ለማንበብ ምቹ ቢሆንም በጥርሶቹ መካከል የብረት ፍርፋሪ ሲገባበት ጥርስ ይዘልና ዜሮው ይዛባል። እኔ ለዕለት ሥራ ዲጂታሉን የመረጥኩት፣ ስክሪኑን በፈለግኩበት ቦታ ዜሮ ማድረግ ስለምችል ነው። ለምሳሌ በሁለት እኩል ቀዳዳዎች መሐል ያለውን ከማዕከል እስከ ማዕከል ያለ ርቀት ለማግኘት፣ አንዱን ቀዳዳ በውስጥ መንጋጋዎቹ ለክቼ በዚያው ዜሮ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ የሁለቱን ቀዳዳዎች የራቁ ዳርቻዎች ስለካ ስክሪኑ የማዕከሎቹን ርቀት ያለ ምንም ስሌት ይሰጠኛል። ርካሽ የሆኑት ዲጂታሎች ግን አንድ ጠባይ አላቸው፤ ሲጠፉ የሚጠፋው ስክሪኑ ብቻ ስለሆነ በሣጥን ውስጥ ተቀምጠውም ባትሪ ይበላሉ። ኤል አር 44 የሚባለው የአልካላይን ባትሪ ኃይሉ ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ ኤስ አር 44 የሚባለው ባለ ብር ኦክሳይዱ እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ 1.55 ቮልት ተጠግቶ ስለሚቆይ ለካሊፐር የሚሻለው እሱ ነው። ርዝመቱን በተመለከተ 150 ሚሊሜትር ይበቃል፤ ባለ 300ው ለትንሽ ዕቃ ከባድ ነው።

የውስጥ ልክ ሌላ ጣጣ ነው። የካሊፐር የውስጥ መንጋጋዎች እንደ ምላጭ ስለት የላቸውም፤ ጠፍጣፋ ጠርዝ ስላላቸው በክብ ቀዳዳ ውስጥ ግድግዳውን በትክክለኛው ዲያሜትር ላይ ሊነኩት አይችሉም፣ ሁልጊዜም አሳንሰው ያነባሉ። የጠርዞቹ ጠቅላላ ወርድ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን፣ ባለ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ በ0.025 ሚሊሜትር ያህል ጠብቦ ይነበባል፤ ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ሲሆን ግን ይኸው ስሕተት ወደ 0.006 ይወርዳል። እንደ ቲ ፊደል ቅርጽ ያለውን፣ በቀዳዳው ውስጥ ተዘርግቶ የሚቆለፍና በማይክሮሜትር የሚለካውን ቴሌስኮፒክ ጌጅ ገዝቼ ነበር፤ እጅ እስኪለምድ ድረስ ግን አንዱን ቀዳዳ በሦስት የተለያየ ልክ ያነብልኝ ነበር። በመጨረሻ ያረፍኩበት ዘዴ ምንም የማያስወጣ ነው። የኩሽኔታ መቀመጫ ቀዳዳ ከመክፈቴ በፊት ከቁርጥራጭ ብረት ባለ ሦስት እርከን መሞከሪያ እቀርጻለሁ፤ አንዱ እርከን ከምፈልገው ልክ ሁለት መቶኛ ያነሰ፣ ሁለተኛው ልኩ፣ ሦስተኛው ሁለት መቶኛ የበለጠ ነው። የውጭ ልክ በማይክሮሜትር በቀላሉ ስለሚረጋገጥ እርከኖቹ አስተማማኝ ናቸው፤ ቀዳዳውን እያሰፋሁ ስሄድ የመጀመሪያው እርከን ሲገባ መጠንቀቅ እጀምራለሁ፣ ሁለተኛው ሲገባ አቆማለሁ፣ ሦስተኛው ከገባ ደግሞ ዕቃውን እጥለዋለሁ።

ወደ ማይክሮሜትሩ ልምጣ። በማይክሮሜትር ላይ የሚለካው ዕቃ በቀጥታ በስኬሉ መስመር ላይ ስለሚያርፍ፣ አቤ ያሉት ችግር ከሞላ ጎደል የለበትም። የብሎኑ ጥርስ በአንድ ዙር 0.5 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ የሚዞረው እጀታ ደግሞ በ50 ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ መስመር 0.01 ሚሊሜትር የሚሆነው በዚህ ነው። በሁለት መስመር መሐል ያለውን በዓይን መገመት ስለሚቻል፣ ጥንቃቄ ያለው ሰው ከመቶኛ በታችም ማንበብ ይችላል። ጀማሪን የሚጥለው ግን ትንሹ ሳይሆን ትልቁ ስሕተት ነው። በእጀታው ሥር፣ በማይዞረው ክፍል ላይ የግማሽ ሚሊሜትር መስመሮች አሉ፤ አንዷ ገና ብቅ ማለቷን ሳላስተውል 12.87 የሆነውን ዕቃ 12.37 ብዬ አንብቤ፣ ብዙ የደከምኩበትን ቁራጭ «ጠቧል» ብዬ የጣልኩበት ቀን አለ። አሁን በማይክሮሜትር ከመለካቴ በፊት በካሊፐር አስቀድሜ አያለሁ፤ ካሊፐሩ መቶኛውን ባያውቅም ግማሽ ሚሊሜትር አይስትም።

ስገዛ የሠራሁት ስሕተት ከ0 እስከ 100 ሚሊሜትር የሚሸፍን የአራት ማይክሮሜትሮች ስብስብ መውሰዴ ነው። ከ0 እስከ 25 ያለውን በየቀኑ፣ ከ25 እስከ 50 ያለውን አልፎ አልፎ እጠቀምበታለሁ፤ ሁለቱ ትላልቆቹ ግን ከሣጥናቸው የወጡት ለመወልወል ብቻ ነው። በዚያው ገንዘብ አንድ የላቀ ባለ 25 ሚሊሜትር ማይክሮሜትር መግዛት እችል ነበር። ሲመረጥ የመለኪያ ፊቶቹ የካርባይድ መሆናቸውን፣ መጨረሻው ላይ ግፊቱን የሚወስን ራቼት መኖሩን፣ ዜሮው የሚስተካከልበት ቁልፍ አብሮት መምጣቱን ማየት ይገባል። እስከ ሺህኛ የሚያሳየውን ዲጂታል ማይክሮሜትር አንድ ጊዜ ተውሼ ሞክሬዋለሁ፤ ፍሬሙን በእጄ ይዤ ስቆይ የእጄ ሙቀት ብረቱን እየለጠጠው የመጨረሻው አኃዝ በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በመቆሚያ ላይ አስሮ፣ የክፍሉን ሙቀት ጠብቆ የሚሠራ ሰው ይጠቀምበታል፤ እኔ ግን ሦስተኛውን አኃዝ ባላየው ይሻለኛል።

አራተኛውን ዘንግ በማይክሮሜትር ሠራሁት። ሁለት መቶኛ ሲቀረው መቁረጫውን አርቄ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እያሻሸሁ፣ በየጥቂት ዙሩ ማሽኑን አቁሜ እየለካሁ ጨረስኩት። ከመለካቴ በፊት ግን እንዲቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፤ ይህንንም የተማርኩት በሌላ ብክነት ነው። ቀደም ሲል 50 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቀለበት ከቶርኖው ሳላወርድ፣ በእጅ ለመያዝ እያቃጠለኝ ለክቼ «ደረሰ» ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ከአራት መቶኛ በላይ አንሶ አገኘሁት። አንድ ሜትር አሉሚኒየም ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በ23 ማይክሮን ያህል ይለጠጣል፣ ብረት ደግሞ በ11.5 ያህል፤ ባለ 50 ሚሊሜትሩ ቀለበት በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 0.046 ሚሊሜትር ይሰፋል ማለት ነው። የልክ ሁሉ ማጣቀሻ ሙቀት በአይኤስኦ 1 መሠረት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወርክሾፔን በ20 ዲግሪ የማቆየት አቅም የለኝም፤ ዕቃውና መለኪያው አብረው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቆይተው በአንድ ሙቀት እስከተለኩ ድረስና ሁለቱም ብረት እስከሆኑ ድረስ ግን ልዩነቱ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ማይክሮሜትሩ ራሱ እውነት መናገሩን በምን አውቃለሁ? ዜሮውን መፈተሽ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ወረቀት በፊቶቹ መሐል በቀስታ ነክሼ እየጎተትኩ አወጣና፣ ከዚያ በራቼቱ ዘግቼ አያለሁ። ከዜሮ ራቅ ብሎ ለመፈተሽ ግን የታወቀ ልክ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መፍትሔዬ 608 የሚባለው ትንሽ ኩሽኔታ ነው፤ የውጭ ዲያሜትሩ 22 ሚሊሜትር ሲሆን በመደበኛ ደረጃ ሊያንስ የሚፈቀድለት በ9 ማይክሮን ብቻ ነው። አዲስና ከታወቀ ሠሪ የመጣ ከሆነ ማይክሮሜትሩ በ21.99 እና በ22.00 መካከል ሊያነበው ይገባል፤ ከዚህ ከወጣ ጥፋቱ የኩሽኔታው መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ይህ ዘዴ ግን ጉድለት አለው፤ 22 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ እጀታው ዜሮ ላይ በነበረበት አቅጣጫ ስለሚቆም፣ በአንድ ዙር ውስጥ ያለውን የጥርስ መዛባት አያሳይም። ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1901 ፓተንት ያገኙባቸው የጌጅ ብሎኮች፣ ማለትም ልካቸው በጣም በትክክል የተሠራ የብረት ቁርጥራጮች፣ ለዚህ ፍቱን ናቸው፤ ማይክሮሜትር ለመፈተሽ የሚሸጠው ስብስብ 2.5፣ 5.1፣ 7.7፣ 10.3፣ 12.9 እያለ እስከ 25 የሚሄደው፣ እጀታው በየብሎኩ በተለያየ አቅጣጫ እንዲቆም ታስቦ ነው። ሙሉ ስብስብ መግዛት አያስፈልግም፤ እኔ ያሉኝ ሦስት ብቻ ናቸው።

ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን ዳያል ኢንዲኬተር የምቆጥረው ከመለኪያ ይልቅ ከማነጻጸሪያ ነው፤ ዕቃው በቸክ ውስጥ መሐል ላይ መታሰሩን፣ የሚሊንግ ማሽን ሞርሳ ከጠረጴዛው ጉዞ ጋር መስተካከሉን የሚነግረኝ እሱ ነው። 10 ሚሊሜትር የሚሄድና 0.01 የሚያሳይ ተራ ዳያል ለሁሉም ይበቃል። ገንዘቡን ማዋል ያለባችሁ በመቆሚያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ማግኔት መቆሚያዬ ክንዱ ቀጭን ስለነበር፣ መርፌው ዕቃውንም የክንዱንም መወዛወዝ ደባልቆ ያሳየኝ ነበር። መቆሚያ ሲመረጥ ዳያሉን አስሮ ክንዱን በአንድ ጣት በቀስታ ገፋ አድርጎ መልቀቅ በቂ ነው፤ መርፌው ወደነበረበት መስመር ካልተመለሰ መቆሚያው አይረባም። ጣቷ እንደ ማንሻ የምትወዛወዘው ትንሿ ኢንዲኬተር ጠባብ ቦታ ለመግባት ትመቻለች፤ ጣቷ ከሚነካው ፊት ጋር በተቻለ መጠን ትይዩ መሆን አለባት፣ 30 ዲግሪ ካዘነበለች ንባቡ ወደ 15 በመቶ ገደማ ይጋነናል።

ስኳድራ ለመግዛት የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ላሜራና የሾለ መጫሪያ ነው። ስኳድራውን በጠርዙ አስደግፎ መስመር መጫር፣ ገልብጦ ከዚያው ነጥብ ሁለተኛ መስመር መጫር፤ ሁለቱ ከተለያዩ የስኳድራው ስሕተት የልዩነቱ ግማሽ ነው። ለጠፍጣፋ መሠረት ደግሞ ግራናይት እስኪገኝ ድረስ ወፍራም የመስኮት መስታወት፣ በደንብ ከሥር ከተደገፈ፣ ብዙ ሥራ አሠርቶኛል።

አሮጌ መሣሪያ መግዛትን አልፈራም፤ አሁን የምሠራበት ማይክሮሜትር ከእኔ በፊት ረጅም ዕድሜ ያሳለፈ ነው። የቀለሙን መላላጥ ችላ ብዬ ፊቶቹን ወደ ብርሃን አቅንቼ አያለሁ፤ ጠርዛቸው ከተሸረፈ ወይም መሐላቸው ከጎደጎደ እተወዋለሁ። እጀታውን ከዳር እስከ ዳር አዞረዋለሁ፤ አንድ ቦታ ከብዶ ሌላ ቦታ ከላላ ጥርሱ እዚያ ላይ አልቋል፤ ምናልባትም ባለቤቱ አንድ ልክ ብቻ ለዓመታት ሲለካበት ኖሯል። ፍሬሙ ላይ የመዶሻ ወይም የሞርሳ ምልክት ካየሁ ዕቃ መንከሻ አድርገውት እንደነበር ስለምጠረጥር አልወስደውም። ዜሮው የተዛባ መሆኑ ግን አያሳስበኝም፤ እሱ በቁልፍ ይስተካከላል፣ ለመደራደርም ይጠቅማል።

የእጅ ላብ ብረት ስለሚያዝግ ከሥራ በኋላ ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ ቀጭን ዘይት አስነካቸዋለሁ። ማይክሮሜትሩን ሳስቀምጥ ፊቶቹን አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍቼ እተዋቸዋለሁ፤ ተዘግተው ከተቀመጡ በመሐላቸው እርጥበት ይያዛል፣ ሙቀት ሲለወጥም ይጫጫናሉ። 608ቱ ኩሽኔታ በዚያው ሣጥን ውስጥ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ማይክሮሜትሩ በወደቀ ቁጥር መጀመሪያ የማነሣው እሱን ነው።